ጉሉኮስና መርፌ ሲያገኙ ተነስተው በሳምንቱ የሚወድቁ ድመቶች፦ ስለ አድሬናል ዕጢ ሥራ ማነስ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ዳማ የምትባል የ6 ዓመት ሴት ድመት አለችኝ። ከታመመች ሁለት ወር ሊሞላት ነው፤ አንድ ሰሞን ትበላለች፣ አንድ ሰሞን ትተዋለች፤ አልፎ አልፎ ታስመልሳለች፤ ቀኑን ሙሉ ምድጃ ሥር ተጠቅልላ ትውላለች። ከ4 ኪሎ ወደ 3.2 ወርዳለች። ሐኪሙ ጉሉኮስ ሰቅሎ መርፌ ሲወጋት በማግስቱ ትነሳለች፤ በአራተኛው በአምስተኛው ቀን ተመልሳ ትወድቃለች። አሁን ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ደሟ በሰው ላቦራቶሪ ታይቶ ሶዲየም 131፣ ፖታሲየም 6.7 ሆነ፤ ዩሪያና ክሪያቲኒንም ከፍ ብለዋል። ኩላሊቷ ነው ተብያለሁ። የአድሬናል ዕጢ ችግር ሊሆን ይችላል? በምን ይረጋገጣል? እዚህስ ይታከማል?»

ጤና ይስጥልኝ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ከጻፉት ውስጥ ወደዚያ የሚጠቁሙ ሦስት ነገሮች አሉ፦ ሕመሙ መጣ ሄድ ማለቱ፣ በፈሳሽና በመርፌ ቶሎ መነሳቷ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁለቱ ቁጥሮች። ሶዲየሙን ለፖታሲየሙ ያካፍሉት፤ 131 ለ6.7 ሲካፈል 19.5 ገደማ ይሆናል። እንደ መሣሪያው ትንሽ ቢለያይም የጤነኛ ድመት ሶዲየም ከ147 እስከ 157፣ ፖታሲየም ደግሞ ከ3.5 እስከ 5.3 ሚሊሞል በሊትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሲካፈል አብዛኛውን ጊዜ ከ27 በላይ ይመጣል። ከ24 በታች ሲወርድ አድሬናልን ማሰብ ግድ ይላል።

ማሰብና መደምደም ግን ለየቅል ናቸው። በሽታው በሰው ላይ እ.ኤ.አ. በ1855 በእንግሊዛዊው ሐኪም በቶማስ አዲሰን ተገልጿል፤ ዛሬም የአዲሰን በሽታ ይባላል። በድመት ላይ መኖሩ በሕክምና ጽሑፍ የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ከዚያም ወዲህ የተመዘገቡት ጥቂት ናቸው። ውሻ ላይ ደህና የሚታወቅ በሽታ ድመት ላይ ብርቅ ነው። ብርቅ በመሆኑ አንዱ ሐኪም ጨርሶ አይጠረጥረውም፣ ሌላው ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አይቶ የተለመዱትን ምክንያቶች ሳያጣራ ይደመድማል። ሁለቱም ድመቷን ይጎዳሉ።

አድሬናል በእያንዳንዱ ኩላሊት አጠገብ የምትገኝ ዕጢ ናት፤ በድመት ከአንድ የባቄላ ፍሬ ታንሳለች። ከቅርፊቷ የሚመነጩ ሁለት ሆርሞኖች እዚህ ጉዳይ ውስጥ ይገባሉ። አልዶስቴሮን ኩላሊትን «ሶዲየሙን አስቀር፣ ፖታሲየሙን በሽንት አስወጣ» ብሎ ያዛል። እሱ ሲጠፋ ሶዲየም በሽንት ይፈሳል፤ ሶዲየም ውኃን አስከትሎ ስለሚሄድ በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያንሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ፖታሲየሙ ደግሞ ተጠራቅሞ ጡንቻን ያዝላል፣ የልብን ምት ያዛባል። ኮርቲሶል የደም ሥሮች ግፊት እንዲይዙ፣ ምግብ በሌለበት ሰዓት የደም ስኳር እንዳይወርድ፣ አንጀት እንዳይታወክ ይጠብቃል፤ እሱ ሲጎድል እንስሳው ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሳል፣ ትንሽ ጭንቀት እንኳ መሸከም ያቅተዋል። አብዛኛው የዕጢዋ ቅርፊት እስኪጠፋ ድረስ ምልክቱ አይወጣም፤ ዳማ «አንድ ሰሞን ደህና፣ አንድ ሰሞን ሕመም» የምትለውም የቀረው ጥቂት ቅርፊት በሰላሙ ቀን ሲበቃት፣ እንግዳ ወይም ብርድ ወይም ጉዞ ሲመጣ ሲያንሳት ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱን የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ራሱ በዕጢዋ ላይ ተነስቶ ነው ተብሎ ይታመናል፤ አልፎ አልፎ ሊምፎማ የሚባለው ነቀርሳ ዕጢዎቹን ሲወርር ወይም ከባድ የአደጋ ጉዳት ሲደርስባቸው ይከሰታል።

ታዲያ ለምን ኩላሊት ተባለ? ስህተቱ የሚገባ ነው። የደም ግፊት ሲወርድ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራቸው ቆሻሻዎች ማለትም ዩሪያና ክሪያቲኒን በደም ውስጥ ከፍ ይላሉ። ይህ ብቻ ቢሆን ሽንቱ ወፍራም ሆኖ ይለየው ነበር፤ በአድሬናል በሽታ ግን ሶዲየም ስለሚባክን ኩላሊቱ ሽንት ማወፈሩን ያጣል፣ ሽንቱ ከውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት ከ1.030 በታች ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሽንቱም ደሙም ኩላሊት የታመመ ያስመስላሉ። መለያው ፖታሲየም ነው። ለወራት የቆየ የኩላሊት ድክመት ያለባት ድመት ፖታሲየሟ ብዙውን ጊዜ ደህና ወይም ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍ የሚለው ሽንት ወደ መቆሙ ሲደርስ ነው። ዳማ እየሸናች ፖታሲየሟ 6.7 ከሆነ «ኩላሊት ነው» የሚለው ብቻውን አያስኬድም። ሌላው መለያ ደግሞ ፈሳሹ ከተሰጣት በኋላ ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ኖርማል ሳላይን የሚባለውን የጨው ፈሳሽ አግኝታ ክሪያቲኒኗ ወደ ልኩ ከተመለሰ ኩላሊቷ ራሱ አልታመመም።

የመርፌው ነገር ደግሞ አለ። በየእንስሳት ክሊኒኩ ለደከመ እንስሳ ከፈሳሽ ጋር የሚሰጠው መርፌ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን የሚባለው ስቴሮይድ ነው። ዴክሳሜታሶን የጎደለውን የኮርቲሶል ሥራ አንድ ቀን ተኩል እስከ ሦስት ቀን ያህል ይሠራል፤ ሳላይኑ የጎደለውን ሶዲየም ይሞላል። ሁለቱ ሲያልቁ ድመቷ ትወድቃለች። የጻፉት «በአራተኛው በአምስተኛው ቀን» ከዚህ ጋር ይገጥማል። ግን ዴክሳሜታሶን የማንኛውንም የታመመ ድመት የምግብ ፍላጎት ለጊዜው ያነቃል፤ ስለዚህ በመርፌው መነሳቷ ማስረጃ አይደለም። ሐኪሙን የትኛውን መርፌ፣ በስንት ሚሊ ሊትር፣ በየትኛው ቀን እንደሰጣት ጠይቀው በወረቀት ያስጽፉ። ከዚህ በኋላ ያለው ምርመራ ሁሉ በዚያ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል።

ሌላ ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ቁጥሩ ራሱ እውነት መሆኑ ይጣራ። የደም መውሰጃ ብልቃጥ ክዳኑ ሐምራዊ ከሆነ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ የፖታሲየም ጨው አለበት። ለደም ሴል ቆጠራ ነው የተሠራው። ባለሙያው በመጀመሪያ ሐምራዊውን ሞልቶ የሲሪንጁ ጫፍ ሳይቀየር ወደ ቀዩ ከገለበጠ፣ ወይም ቀዩ አልሞላ ሲለው ከሐምራዊው ትንሽ ካከለበት፣ ፖታሲየሙ በሐሰት ይወጣል፤ በዚያው ልክ ካልሲየሙ በሐሰት ይወርዳል። የዳማ ካልሲየም አብሮ ተለክቶ ከሆነ ይመልከቱት፤ ያለምክንያት በጣም ዝቅ ካለ ውጤቱን አይመኑት። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ቀይ ክዳን መጀመሪያ፣ ሐምራዊ በኋላ ነው። ደሙ በቀዩ ብልቃጥ 30 ደቂቃ ያህል ቆሞ ሲረጋ በማሽን ይሽከረከር፣ ከላይ የሚቀረው ሴረም ወደ ንጹሕ ብልቃጥ ይገልበጥ። በሰው ላቦራቶሪ መታየቱ ለሶዲየምና ለፖታሲየም ችግር የለውም፤ ንጥረ ነገሩ አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ የታተመው «መደበኛ» ልኬት ግን የሰው ስለሆነ በእሱ አይፈረድ፤ 140 ሶዲየም ለሰው ደህና ነው፣ ለድመት ዝቅ ያለ ነው።

ቁጥሩ ከተደገመና እውነት ከሆነ፣ ፖታሲየምን ከፍ ሶዲየምን ዝቅ የሚያደርጉ የተለመዱ ነገሮች ይወገዱ። ወንድ ድመት ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ የሽንት ቧንቧው ተዘግቷል ወይ የሚል ነው፤ የተዘጋ ከሆነ ፊኛው በሆድ በኩል ሲዳሰስ እንደ ሎሚ ጠጥሮ ይገኛል፣ ያኔ ሰዓታት የሚቆጠሩበት አደጋ ነው። ሴት ላይ ብርቅ ቢሆንም መዳሰሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅምና ይዳሰስ። በደረት ወይም በሆድ ውኃ መቋጠርም ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣል፤ ሆዷ ከተነፋ ወይም አተነፋፈሷ ከከበደ ይህ ይቅደም። ከባድ ተቅማጥና የአንጀት ትል፣ የስኳር በሽታም ይታሰባሉ። እርጉዝ ከሆነችም ይነገር።

አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎ፦ ዳማ እንዳትወልድ ተብሎ የሴቶች የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ ዴፖ የሚባለው፣ ተወግታ ታውቃለች? ወይም ለቆዳ ማሳከክ ለወራት የስቴሮይድ መርፌ ወይም ክኒን ወስዳለች? እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል ለአድሬናል የሚልከውን ትእዛዝ ያፍናሉ፤ ዕጢዋ ሥራ ትፈታለች፣ ትኮሰምናለች። መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም ኮርቲሶል አይኖርም። በዚህ ዓይነቱ ድካም፣ ምግብ መተውና ማስመለስ ይኖራሉ፤ ሶዲየምና ፖታሲየም ግን አይናወጡም፣ አልዶስቴሮን በሌላ ትእዛዝ የሚመራ ነውና። በእርስዎ ድመት ቁጥሮቹ ስለተናወጡ ይህ ብቻውን አይበቃም። ሆኖም መልሱ «አዎ» ከሆነ የኮርቲሶል ምርመራውን ስለሚያዛባ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ለድመት ዴፖ አልመክርም፤ አድሬናልን ከማፈኑ ሌላ የማህፀን መመረዝ፣ የጡት ዕብጠትና ስኳር ያመጣል።

ማረጋገጫው አንድ ነው፦ ዕጢዋን በትእዛዝ ቀስቅሶ መልስ ትሰጥ እንደሆነ ማየት። መጀመሪያ ደም ይወሰዳል። ከዚያ ቴትራኮሳክታይድ የሚባለው መርፌ 125 ማይክሮግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ የ250 ማይክሮግራሙ አምፑል ግማሽ ማለት ነው። ልክ በ60ኛው ደቂቃ ሁለተኛ ደም ይወሰዳል። በሁለቱም ናሙና ኮርቲሶል ይለካል። ጤነኛ ዕጢ ከሆነች ሁለተኛው በግልጽ ይወጣል፤ ሁለቱም ከ55 ናኖሞል በሊትር በታች ከሆኑ፣ ወይም በሌላው መለኪያ ከ2 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ከሆኑ፣ አድሬናል አይሠራም። ፕሬድኒሶሎንና ሃይድሮኮርቲሶን የሚባሉት ስቴሮይዶች በመለኪያው ውስጥ ራሳቸው ኮርቲሶል መስለው ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ምርመራው ከእነሱ በፊት ይሁን። ዴክሳሜታሶን አይቆጠርም፤ በድንገተኛ ጊዜ እሱ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ተደጋግሞ ከተሰጠ ግን እሱም ዕጢዋን ስለሚያፍን ዳማ የመጨረሻውን መርፌ ከወሰደች ጥቂት ቀናት ቢያልፉ ይሻላል፤ ይህ ሊጠበቅ የሚችለው ግን ቆማ ከሄደችና እየበላች ከሆነ ብቻ ነው።

ቴትራኮሳክታይድ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም። ካልተገኘ ምንም መድኃኒት ሳትወስድ አንድ ጊዜ ኮርቲሶል ብቻ ይለካላት። ከ55 በላይ ከሆነ አድሬናል የመሆኑ ዕድል በጣም ይጠባል፤ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ከ55 በታች መሆኑ ግን በሽታው ነው አያሰኝም፤ ብዙ ጤነኛ ድመት በአንድ ቅጽበት ዝቅ ብላ ትገኛለች። ይህ መንገድ በውሻ ላይ በደንብ የተፈተነ ነው፣ በድመትም የምንመራው በዚሁ ነው። ኮርቲሶሉ አዲስ አበባ ቢለካም ድመቷን 130 ኪሎ ሜትር ማመላለስ አያስፈልግም። ሴረሙ ደብረ ብርሃን ላይ ከተለየ በኋላ በበረዶ ሣጥን በዚያው ቀን ይላክ፤ ብልቃጡ በረዶውን በቀጥታ እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅለል። ላቦራቶሪው በዝቅተኛ ቁጥር ላይ በትክክል መለካት መቻሉን አስቀድመው ይጠይቁ፤ ለእኛ ዋናው ቁጥር ታች ያለው ነው። ከነድመቷ መሄድ ግድ ከሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው፤ ከመነሳትዎ በፊት መርፌውና መለኪያው መኖሩን ደውለው ያረጋግጡ።

አሁን በድንገት ብትወድቅ ምን ይደረግ? ቀጥሎ ያለውን ለሐኪሙ ያሳዩት፤ በቤት የሚሠራ አይደለም። በሰፈራችን የሚሰቀል ፈሳሽ ሁሉ «ጉሉኮስ» ይባላል። እዚህ ላይ ግን ልዩነቱ የሕይወት ነው። 5 በመቶ ዴክስትሮስ ሶዲየም ስለሌለው ያለውን ሶዲየም ይበልጥ ያቀጥነዋል። የሚያስፈልጋት 0.9 በመቶ ኖርማል ሳላይን ነው፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ለ3.2 ኪሎ ድመት መጀመሪያ 32 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በኪሎ 10፣ በ15 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር ይሰጥ። ከዚያ የልብ ምቷ፣ ድዷና የእግሯ ሙቀት ታይቶ አስፈላጊ ከሆነ ይደገም። ድመት እንደ ጥጃ አይደለችም፤ ሙሉ ከረጢት ቶሎ ቢፈስባት ሳንባዋ ውኃ ይቋጥራል። አተነፋፈሷ በደቂቃ ከ40 ካለፈ ፈሳሹ ይቀነስ። ግፊቷ ሲረጋ፣ ድርቀቷ 8 በመቶ ከተገመተ፣ ለድርቀቱ 256፣ ለዕለቱ ፍላጎት 160፣ በድምሩ 416 ሚሊ ሊትር በ24 ሰዓት ይደርሳል፤ በሰዓት 17 ገደማ። አንድ ሚሊ ሊትሩ 20 ጠብታ በሆነ የፈሳሽ መስመር ይህ በደቂቃ 6 ጠብታ ነው። ሶዲየሟ ለሳምንታት ዝቅ ብሎ ስለቆየ በአንድ ቀን ከ10 እስከ 12 ሚሊሞል በላይ ከፍ ባይል ይመረጣል፤ በፍጥነት ከወጣ አንጎልን ይጎዳል።

ዴክሳሜታሶን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ቢሰላ ለዳማ 0.64 ሚሊግራም ነው። በሰው መድኃኒት ቤት የሚገኘው አምፑል በአንድ ሚሊ ሊትር 4 ሚሊግራም ከሆነ 0.16 ሚሊ ሊትር ይበቃታል፤ በ100 ዩኒት የኢንሱሊን ሲሪንጅ 16ኛው መስመር ላይ ይቆማል። የእንስሳቱ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ስለሆነ እጥፉን፣ 0.32 ይወስዳል። የጠርሙሱን ጽሑፍ ሳያነቡ «አንድ አምፑል» ብሎ መስጠት ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

6.7 የሆነ ፖታሲየም አብዛኛውን ጊዜ በሳላይኑ ብቻ ይወርዳል። ልቧ ግን በደቂቃ ከ140 በታች ከመታ፣ ወይም ምቱ ከተዛባ፣ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት ከ1.6 እስከ 3.2 ሚሊ ሊትር በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ልቧ እየተደመጠ ይሰጥ። ይህ ፖታሲየሙን አይቀንስም፤ ልብን ለግማሽ ሰዓት ያህል ከፖታሲየሙ ይከልላል። ስኳሯ በግሉኮሜትር ታይቶ ከወረደ ከ40 በመቶው ዴክስትሮስ 4 ሚሊ ሊትር በ12 ሚሊ ሊትር ሳላይን ቀጥኖ በቀስታ ይሰጥ፤ ሳይቀጥን ከተሰጠ ደም ሥሯን ያቃጥላል። በዚህች ቦታ ዴክስትሮስ ተገቢ ነው።

አሁን ብዙ ድመት የሚሞትበትን ቦታ ልንገርዎ። ውሻ በዚህ ሕክምና በአንድ በሁለት ቀን ተነስቶ ይሄዳል። ድመት ግን መድኃኒቱ ትክክል ሆኖም ድካሙና ምግብ መጥላቱ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ሊቆይባት ይችላል። ባለቤቱም ሐኪሙም በሁለተኛው ቀን «አልሠራም» ብለው ይተዋሉ። ሶዲየሙና ፖታሲየሙ በየቀኑ እየታዩ ወደ ልክ እየመጡ ከሆነ ይጠበቅ፤ አምስቱን ቀን ስጧት።

በዚያ ሰዓት ብርድ ሌላው ጠላቷ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ ጤነኛዋንም ያንቀጠቅጣል። የድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ እንዲህ የታመመች ድመት ከ37 በታች ወርዳ ትገኛለች፣ ምድጃ ሥር የምትጠቀለለውም ለዚህ ነው። ሃይላንድ ፕላስቲክ ለብ ያለ ውኃ ሞልተው በጋቢ ጠቅልለው ከጎኗ ያድርጉ። ጎንዎ ላይ ቢያደርጉት የማያቃጥል መሆን አለበት፤ የደከመች ድመት ሲያቃጥላት መሸሽ አትችልም። ከሰል ያለበት ዝግ ክፍል ውስጥ አያስተኟት። ፈሳሹ ሳይጀመርም በፍጥነት አታሙቋት፤ የቆዳዋ ደም ሥሮች ሲከፈቱ የቀረው ግፊት ይወርዳል።

ምርመራው በሽታው መሆኑን ካረጋገጠ መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው፤ ሁለት ነገር ይተካል። ለኮርቲሶሉ ፕሬድኒሶሎን። ፕሬድኒሶን አይደለም፤ የድመት ጉበት ፕሬድኒሶንን ወደሚሠራው ቅርጽ በደንብ አይለውጥም፣ ስለዚህ ሁለቱ በስም ቢቀራረቡም ሲሸጡልዎ ይለዩ። ለዳማ በመጀመሪያው ሳምንት የ5 ሚሊግራሟ ክኒን ሩብ ጠዋትና ማታ፣ ከዚያ ሩብ በቀን አንድ ጊዜ፣ ደህና ስትሆን ወደ 0.8 ሚሊግራም በቀን፣ ማለትም በኪሎ 0.25። ለአልዶስቴሮኑ ፍሉድሮኮርቲሶን፤ የ0.1 ሚሊግራሟ ክኒን ግማሽ ጠዋት፣ ግማሽ ማታ። ዴስኦክሲኮርቲኮስቴሮን ፒቫሌት የሚባለው በወር አንዴ የሚወጋ መርፌ በፍሉድሮኮርቲሶኑ ፈንታ ቢገኝ፣ በኪሎ 2.2 ሚሊግራም፣ ለእሷ 7 ሚሊግራም በየ25 ቀኑ፤ ክኒን አልዋጥ ላለች ድመት ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ሁለቱም አስቀድመው ሊፈለጉ የሚገባቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ከተገኘው የሁለት ወር ይያዝ። ያለ እነሱ በፕሬድኒሶሎን ብቻ የሶዲየሙና የፖታሲየሙ መናወጥ አይስተካከልም፤ ምግቧ ላይ ጨው መነስነስም አይተካቸውም።

0.8 ሚሊግራምን ከክኒን መቁረጥ አይቻልም፤ እንዲህ ይደረግ። አንዷን የ5 ሚሊግራም ክኒን በሁለት ማንኪያ መካከል ያድቅቁ፣ ዱቄቱን 5 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ በሲሪንጅ ለክተው ይጨምሩ፤ አሁን አንድ ሚሊ ሊትሩ አንድ ሚሊግራም አለው። መድኃኒቱ ስለሚዘቅጥ በደንብ በጥብጠው ወዲያው 0.8 ይሳቡ። የቀረውን ይድፉት፤ ለነገ አይቆይም። መድኃኒቱ መራራ ነው፤ ምላስ ጫፍ ላይ ካፈሰሱት አረፋ ደፍቃ ትተፋዋለች። ሲሪንጁን ከክራንቻዋ ኋላ በጉንጯ በኩል አስገብተው ቀስ ብለው ይግፉ። በክኒን ከሰጧት ደግሞ ክኒኑን በለጋ ቅቤ ለውሰው ይስጧት፣ ወዲያውም 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ውኃ ያስከትሉ፤ ደረቅ ክኒን በድመት ጉሮሮ ተጣብቆ ያቆስላል።

እጅዎን አፏ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ግን አንድ ነገር፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተከተበች፣ ለሃጭ ካዝረበረበች፣ መዋጥ ካቃታት ወይም ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ አፏን አይንኩ፤ ወደ ሐኪም ብቻ ይውሰዷት። ከነከሰችዎ ወይም ከቧጨረችዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ስለ ምግቧም ልጨምር፤ በእኛ አገር በጾም ወራት ቤቱ ከሥጋና ከወተት ሲርቅ ድመቷም አብራ በሽሮ ፍትፍት ትከርማለች። ድመት በእህል አትኖርም፤ ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልገው ታውሪን የሚገኘው ከሥጋ ነው። ክብደቷ የቀነሰው በጾም ወቅት ከሆነ ይህም ይመዘን። ሽንኩርት ያለበት ወጥ ደም ያሳንሳል። «አተኮሳት» ተብሎ ፓራሲታሞል ከተሰጣት ደግሞ ሩብ ክኒን እንኳ ሊገድላት ይችላል።

ክትትሉ እንዲህ ይሁን። ሶዲየምና ፖታሲየም ሕክምናው በተጀመረ በሳምንቱ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ በወሩ፣ ከረጋች በኋላ በየሦስት ወሩ ይለኩ፤ ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በቀይ ክዳን። ፖታሲየሙ አሁንም ከፍ ካለ ፍሉድሮኮርቲሶኑ በቀን በ0.05 ይጨመር፤ ፖታሲየሙ ከልኩ ከወረደ ወይም ውኃ መጠጣቷ ከበዛ ይቀነስ። በየሳምንቱ በዘንቢል አድርገው በተንጠልጣይ ሚዛን ይመዝኗት፤ ግማሽ ኪሎ መቀነስ ለ3 ኪሎ ድመት ትልቅ ነገር ነው። በሽታው ከነቀርሳ የመጣ ካልሆነና የመጀመሪያውን ሳምንት ካለፈች ለዓመታት ደህና ልትኖር ትችላለች።

ጭንቀት የሚበዛባቸው ቀናት አሉ፦ እንግዳ የሚበዛበት የፋሲካ ሰሞን፣ ጣርማበርን ወርዶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚደረግ ጉዞ፣ አዲስ ቡችላ ቤት ሲገባ፣ ቀዶ ሕክምና። ጤነኛ ዕጢ ያን ጊዜ ኮርቲሶሏን ራሷ ትጨምራለች፤ ዳማ አትችልም። ከዋዜማው ጀምሮ እስከ ማግስቱ ፕሬድኒሶሎኑን እጥፍ አድርጉላት፤ ፍሉድሮኮርቲሶኑ አይነካም። ካስመለሰችና መድኃኒቱን መያዝ ካቃታት ግን እስኪሻላት አይጠበቅ፣ በመርፌ እንዲሰጣት በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ትሂድ። እርስዎ አገር ቤት ሲሄዱም ክኒኑን ቀን በቀን ቆጥረው፣ ጠዋትና ማታውን በተለያየ ወረቀት ጠቅልለው፣ የሐኪሙን ስልክ ጽፈውበት ለጎረቤት ይተዉ።